ጠጋኙና ክፍተት የምትለዋ ቃል

ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ቀዳዳ እደፍናለሁ» ይላል። ጎረቤቶቹም የቧንቧ ሠራተኛ መስሏቸው ኩሽናቸው ባፈሰሰ ቁጥር በሩን ያንኳኳሉ፤ ምን ያድርግ፣ አንዳንዴ ሄዶ ይሠራላቸዋል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥም ስሙ ተረስቶ «ጠጋኙ» ሆኖ ቀርቷል። የሚጠግነው ግን ቧንቧ አይደለም። የመምህራን ምደባና ዝውውር የሚታይበት ድረ ገጽ አለ፤ ያንን ገጽ ለጠየቀው ሁሉ እያወጣ የሚሰጠው ሰርቨር የሚባለው ኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች «እዚህ ጋ ተበስቷል» ብለው መጠገኛ ሲልኩ ጠጋኙ ይጭናል። አሥራ አራት ዓመት እንዲሁ ሲጭን ኖረ።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ጉደኛ ደንብ አለው። ዋናው የይለፍ ቃል አሥራ ስድስት ፊደል ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጠጋኙ፣ የቀሩትን ስምንት ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ያውቃሉ። የማሽን ክፍሉም በር ሁለት ቁልፍ ነው፣ አንዱ በዚህ ኪስ አንዱ በዚያ። ከዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ ብቻውን ገብቶ የገዛ ሚስቱን ከገጠር ወደ ከተማ አዛውሯት ስለተገኘ ነው እንዲህ የሆነው። ደንቡን ያረቀቀው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ጠጋኙ! «የይለፍ ቃሉ በስልክም ሆነ በጽሑፍ አይነገርም» የምትለዋን አንቀጽ የጨመረው እሱ ነው፤ ያን ጊዜ በጣም ኮርቶባት ነበር።

ሰኞ ጠዋት መልእክት መጣ። ፕሮግራሙ ክፉኛ ተበስቷል፤ በገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ አንዲት አጭር መስመር የጨመረ ሰው ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል የውስጥ ፋይሎችን ዘርግፎ ማየት ይችላል፤ መጠገኛው ተዘጋጅቷል፤ ዛሬውኑ ጫኑ ይላል። ጠጋኙ ስልኩን አውጥቶ መስመሯን ጻፈ። ወዲያው የመላው መምህራን ምደባ ከነስልክ ቁጥራቸው ተዘረገፈለት። አንድ ስም ፈለገ፤ አገኘው።

ስሙ የታላቅ እህቱ ነው። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ አርባ ዓመት ሞልቶትም ዛሬም «ማሙሽ» ነው የምትለው። ባሏ ሁለት ጊዜ እጇን ሰብሯታል። ሁለተኛው ስብራት ሲድን፣ አምና፣ በምስጢር ወደ ሌላ ከተማ ተመደበች። የት እንዳለች የሚያውቁት እሷ፣ ጠጋኙና የምደባ ኮሚቴው ሰብሳቢ ብቻ ናቸው። ባልየው ግን መች አረፈ! በየሳምንቱ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «እህትህን የት ደበቅካት?» ይለዋል። አሁን ከተማዋም፣ ትምህርት ቤቷም፣ የምታስተምርበት ክፍልም ሳይቀር ስክሪን ላይ ተጽፎ ይታያል።

ወዲያው ለኃላፊው ደወለ። ሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ናቸው።

«አለቃ፣ ስምንቷን ፊደል ይንገሩኝ፤ ነገሩ እሳት ነው!»

«በስልክ?» አሉት፤ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበረ። «አንተው አይደለህ እንዴ ያስፈረምከኝ?»

«እኔ ነኝ፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ግን እባክዎ—»

«ስማኝ፣ ያ ሚስቱን ያዛወረው ሰውዬ ከሥራ ሲባረር አይተሃል። እኔ ልጆች አሉኝ። በደብዳቤ አቅርብ፤ ዋናው ቢሮ 'ና' ካለኝ በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ። ካልሆነ ሐሙስ እመጣለሁ።»

ማሽኑን ሄዶ እንዳይነቅለው ሁለተኛው የበር ቁልፍ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ደብዳቤውን ጻፈ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሰውዬው የተሳሳተው። ደብዳቤ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ያውቃል፤ ጉዱን ለኮሪደሩ ሁሉ ላለማወጅ ብሎ ርዕሱን «በክፍላችን ስለታየ አስቸኳይ ክፍተት» አለው። ዝርዝሩን ከውስጥ አደረገ። ልብ በሉ፣ በሙያው ክፍተት ማለት ሌባ የሚገባበት ነው። በዚያ መሥሪያ ቤት ግን ክፍተት የማይባል ነገር የለም፤ የአቅም ክፍተት፣ የግንዛቤ ክፍተት፣ የሰው ኃይል ክፍተት፣ ሪፖርቱ ሁሉ በክፍተት የተሞላ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮም ደግ ሴት ናት፣ ሥራዋንም አታጓትትም፤ ግን የምታነበው ርዕስ ብቻ ነው። ማኅተሟን አሳርፋ ወደ ስልጠና ክፍል መራችው።

ማክሰኞ ከሰዓት መልስ መጣ፦ ክፍተት የታየበት ባለሙያ ሙሉ ስሙ ተጠቅሶ በቀጣዩ ዙር ስልጠና እንዲካተት።

«ምነው ወንድሜ፣ ቶሎ አደረስኩልህ እኮ!» አለችው ሴትዮዋ፣ ፊቱን አይታ።

«አድርሰሽልኛል፤ እግዜር ይስጥሽ» አላት። ምን ይበላት?

ወደ ዋናው ቢሮ ራሱ ሄደ። ጸሐፊዋ ዋናው አለቃም ሌላ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ነገረችው፤ ስልካቸውን እሷው ይዛዋለች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። ስልኩን ትክ ብሎ አየው። ተመልሶ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ፤ በዚህኛው «ክፍተት» የሚለውን ሰርዞ «ቀዳዳ» አለ። ረቡዕ ጠዋት ከጠቅላላ አገልግሎት አንድ ሰውዬ መሰላልና የሬንጅ ባልዲ ተሸክሞ መጣና «የሚያፈሰው በየት በኩል ነው?» አለ። ጠጋኙ መሳቅ አምሮት ነበር፤ እንባ ቀደመው። ሰውዬው መሰላሉን አስቀምጦ ውኃ አመጣለት።

ለእህቱስ ለምን አልነገራትም? እኔም ይህንን ነው የምለው። ሰኞ ደውሎላት ነበር። ደስ ብሏት ተቀበለችው፤ መብራት አጥፍታ መተኛት ጀምራለች፣ ጎረቤት ለምዳለች፣ ሁለት ኪሎ ጨምራለች። «አንተስ ደህና ነህ፣ ማሙሽ? ድምፅህ ጥሩ አይደለም» አለችው። ጉንፋን ነው አላት። ነገ ይደፈናል፣ ለምን አስደነግጣታለሁ ብሎ ራሱን አታለለ። ማክሰኞም ነገ አለ። ረቡዕ ስልኩን እያነሳ መልሶ አስቀመጠ፤ አሁን ቢነግራት ለምን እስካሁን ዝም እንዳለ ምን ሊላት ነው?

ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ኃላፊው መጡ። ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ስምንት ፊደላቸውን ጻፉ፤ ጠጋኙም የራሱን ጻፈ። መጠገኛው በአሥራ አንድ ደቂቃ ተጭኖ አለቀ። አሥራ አንድ ደቂቃ! ጠጋኙ በስልኩ መስመሯን መልሶ ሞከረ፤ እንቢ አለችው። ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ይኸው፣ ለዚህ ነው ሰማይ ምድሩን የደበላለቅከው?» አሉ ኃላፊው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው።

የጎረቤት ቢሮዋ ሒሳብ ሠራተኛ ይኸኔ ገባች፣ ፊቷ በደስታ በርቷል። «ሰማችሁ? ምደባው ወጣ! የባለቤቴ ስም አለበት፣ ከተማ ደርሶታል!» ስልኳን ዘረጋችላቸው። አንዱ አስተማሪ መስመሯን ደርሶባት፣ ፋይሉን አውርዶ፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ በመምህራን ግሩፕ ሁሉ ለቆታል። ሌባ ሆኖ አይደለም፤ ወር ሙሉ ምደባውን ሲጠብቅ የኖረ ምስኪን ነው። አንዱ ለሌላው «እንኳን ደስ ያለህ» እያለ ሲያስተላልፈው አድሯል። ጠጋኙ የላኪዎቹን ስም ቁልቁል ሲያይ የባልየው የእህት ልጅ አንዷ ናት፤ ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ «አመሰግናለሁ» ብላ ጽፋለች። ከዚህ እስከ እህቱ ከተማ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ለእህቱ ደወለ።

«ማሙሽ፣ ፈተና እየፈተንኩ ነው፤ ቶሎ በል» አለች በሹክሹክታ።

«እትዬ፣ የት እንዳለሽ ታውቋል። ስምሽ ወጥቷል። አሁኑኑ ከዚያ ውጪ!»

ወንበር ሲንቋቋ፣ ልጅ ሲያስል ይሰማዋል።

«ቅድም ዘበኛው 'ሰው ይፈልግሻል' ብሎ ልኮብኝ ነበር» አለች። «የተማሪ ወላጅ መስሎኝ ይጠብቅ አልኩ።»

«አትውጪ! እትዬ፣ እንዳትወጪ!» ቅድም ውጪ ያላት እሱ ነው፣ አሁን ደግሞ አትውጪ። ኃላፊው ፊታቸው አመድ መስሎ በራሳቸው ስልክ ለዚያ ከተማ ፖሊስ ይደውላሉ፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። እንደገና ደወሉ።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለች እህቱ።

«ሰኞ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣው በወደደ። እርምጃዋ ተሰማው፣ የበር ድምፅ ተሰማው።

«በሩን ዘግቼዋለሁ» አለች። «መቀርቀሪያው ግን ከውጭ በኩል ነው።»