ጾም የማያውቁ ዶሮዎች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አርፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። አሥራ ሁለት ዶሮ የገዛሁትም ለዚሁ ነው፤ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝ ነገር ፈልጌ። የመኖ ዋጋ በየሳምንቱ ሲወጣ ግን ዶሮዎቹ ራሳቸው ዕረፍት ይነሱኝ ጀመር።

ሁዳዴ ሲገባ ባሰ። ፒያሳ ያለው ቁርስ ቤት እንቁላሌን መውሰድ አቆመ፤ ጎረቤቱም አብዛኛው ጿሚ ነው። ዶሮ ደግሞ ጾም አያውቅም። የጆንያው አፍ ሲፈታ ከሰሙ ተንጋግተው እግሬ ላይ ይወጣሉ። ባለቤቴ፣ «ፋሲካ ሳይደርስ አንተኑ ይበሉሃል፤ ሽጣቸውና እንገላገል» አለችኝ። እንቢ አልኩ። ከፋሲካ በፊት ከሸጥኳቸው፣ ከሥራ ከወጣሁ በኋላ የጀመርኩት ብቸኛ ነገር ከሸፈ ማለት ነው። ይህን አልነገርኳትም፤ አኩርፌ ጓሮ ወጣሁ።

መላውን ከተማችን ካለው ሐይቅ ዳር አገኘሁት። ዓሣ የሚበልቱት ሰዎች ጭንቅላቱንና አንጀቱን ይጥሉታል። ጥራጊውን ከሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር እየተሻማሁ በባልዲ ለቀምኩ፤ ቆርቆሮ ላይ አድርቄ፣ ወቅጬ ከፉርሽካ ጋር ደባለቅኩላቸው። ግቢው ሸተተ። ባለቤቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን አሉ፤ አንተም እንደነሱ ሆንክ» ብላ ሳቀችብኝ። ግድ አልነበረኝም። ላባቸው አብረቀረቀ፤ በየቀኑ ይጥሉ ጀመር። እኔም ቁጭ ባልኩ ቁጥር እየተነሳሁ ጎጇቸውን አይ ነበር።

በጾሙ የቀሩልኝ ደንበኛ አጥር የምንጋራቸው እናት ብቻ ነበሩ። ፕሮቴስታንት ስለሆኑ ሁዳዴን አይጾሙም። ባለቤታቸው ታመው ተኝተዋል፤ እንደ እንቁላል የሚስማማቸው ምግብ የለም። እናትየዋ በየሁለት ቀኑ እየመጡ፣ «ተባረክ ልጄ፣ ልፋትህን ጌታ ይይልህ» ብለው ይወስዳሉ። ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋል።

ሆሳዕና ሲቃረብ አዛውንቱን ልጠይቅ ገባሁ። ክፉኛ ከስተዋል። ጓዳው በር ላይ አንድ ቅርጫት አየሁ፤ እኔ የሸጥኩት እንቁላል እስከ አፉ ሞልቶታል።

«እማማ፣ አባባ አይበሉትም እንዴ?» አልኩ።

እናትየዋ ቀሚሳቸውን አበጃጁ። «ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ልጄ። አንዴ ቀምሰው ከዚያ ወዲህ አፋቸውን አልከፈቱም። አጥሚት ነው የምሰጣቸው።»

«ታዲያ ለምን ከእኔ ይገዛሉ? ለምን አይነግሩኝም?»

«ምን ብዬ? አንተ ጾመኛ ነህ፣ አትቀምሰውም። ባልዲ ተሸክመህ ከሐይቅ ስትመለስ እያየሁ እንዴት ላሳፍርህ?»

«ከሌላ ሰው አይገዙም ነበር?»

«ላንተ ከፍዬ ለሌላ ከየት ይተርፈኛል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስለ ዶሮዎቼ ሆድ ስቁነጠነጥ የሰውየው ሆድ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

በዚያው ቀን ስድስት ዶሮ እግራቸውን አስሬ ገበያ ወሰድኩ። በሸጥኩበት ብር የሌላ ሰው ዶሮ የጣለችውን እንቁላል ገዛሁ፤ የሚገባኝ ቢሆንም እየተናደድኩ ነው የገዛሁት። ሮጬ ተመልሼ በአጥሩ በኩል አቀበልኳቸው።

እናትየዋ ያን ቀን አልመረቁኝም። አንዱን እንቁላል አነሱና እዚያው ፊቴ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ አሸተቱት። ከዚያ በኋላ ነው የተቀበሉኝ።