ቁጥር ዘጠኝ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በእነዚያ ዓመታት ከእኔ የባሰ የደረሰበት ሰው ብዙ ነው። እኔን ማንም አልገረፈኝም። ቢሆንም ስለ አንድ የስም መዝገብ ሳልናገር ብቀር፣ ያኔ የተማርኩትን ለራሴ ብቻ የደበቅኩት ይመስለኛል።

በ1972 ክረምት የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ጨርሼ ጂንካ፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። በቀበሌው አዳራሽ ለአሥራ አራት ጎልማሶች ፊደል አስተምር ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ መዝገብ ሠራሁ። ስማቸውን በተራ ቁጥር ጻፍኩ፤ የመጣውን በሰማያዊ፣ የቀረውን በቀይ ምልክት አደረግሁ። በመጨረሻ ፈተና ሰጥቼ ውጤቱን ሕዝብ በተሰበሰበበት አነበብኩ። የሚያስመሰግነኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። አሥራ ሦስቱ አለፉ። ቁጥር ዘጠኝ፣ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ፣ "ድጋሚ" ተባሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል።

በሳምንቱ ሁለት ታጣቂዎች መጥተው ወሰዱኝ። ክሱ በፊደል ትምህርት ስም ፀረ አብዮት ወረቀት አስነብበሃል የሚል ነበር። ከሳሼ ቁጥር ዘጠኝ ነበሩ። መዝገቤን ከአዳራሹ መደርደሪያ አውርደው "የአባላቱ ዝርዝር ይኸው" ብለው በእጃቸው አስረክበዋል። ሌሎቹ ተማሪዎቼ ተጠይቀው በዋስ ተለቀቁ። እኔ ቀረሁ።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የቡና መጋዘን ስለነበር ግድግዳው ያኔም ደረቅ ቡና ይሸት ነበር። ከውጭ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ጥበቃዎች ከብቶችን ከሜዳው ሲያባርሩ ፊሽካቸው ይሰማ ነበር። የክፍሉ አለቃ ከመሃል አገር መጥተው ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ደንባቸው አንድ ነው፦ አዲስ የገባ ሰው ከእስረኞቹ አንዱ ወደ ሳህኑ እስኪጠራው ድረስ በሩ አጠገብ፣ ባልዲው ጎን ይቀመጣል። እኔን ወዲያው ጠሩኝ።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀትር ላይ በሩ ተከፈተና ቁጥር ዘጠኝ ገቡ። ከክፍለ ሀገር የመጣ አዲስ መርማሪ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አንብቦት ኖሯል። ከሳሼ በእጃቸው ባመጡት ዝርዝር ውስጥ የራሳቸውን ስም አገኘ።

"እንኳን ደህና መጡ ኃላፊ!" አለ አንዱ እስረኛ። "ምነው፣ ቁልፉን ረስተው ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሰውዬው ባልዲው ጎን ተቀመጡ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

"ተማሪ፣ ይሄ ሰው ያንተ ነው። አንተ ካልጠራኸው እኛ አንጠራውም።"

አልጠራኋቸውም። እህቴ የላከችልኝን ጎደሬ ልጬ፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው በላሁ።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። "ቁጥር ዘጠኝ አባላችን ነበር ብለህ ፈርም። ተባብሯል ተብሎ ትለቀቃለህ፤ ለሁለተኛው ሴሚስተር ትደርሳለህ" አለኝ።

"እሳቸውስ?"

"እሱን ለእኔ ተወው። እስከ ነገ አስብበት።"

ስመለስ ሰውዬው ከባልዲው ጎን አልተነሱም ነበር።

"ስሜን ጠየቁህ?"

"አዎ።"

"ምን አልክ?"

"ነገ ነው የምመልሰው።"

መሬት መሬት እያዩ፣ "ያን ቀን ልጄ አዳራሹ ውስጥ ነበረች" አሉ።

"ውጤቱ እኮ ትክክል ነው፣ ጋሼ።"

"ማን ውሸት ነው አለህ? ግን ጮህክበት።"

"ለዚህ ብለው ነው ያሳሰሩኝ?"

"ሦስት ቀን ትፈራለህ፣ ትወጣለህ ብዬ ነበር።"

አውሮፕላኑ መጥቶ ሄደ። ንዴቴ አልበረደም ነበር፤ ቢሆንም ሳህኔን ወደ በሩ ገፋ አደረግሁና "ይምጡ፣ ሳይቀዘቅዝ" አልኳቸው። ቀረብ ብለው በሉ።

በማግስቱ መርማሪው ሁለታችንን ፊት ለፊት አቆመን።

"አባል ነበር ወይስ አልነበረም?"

"አልነበሩም።"

"ወረቀቱን እንዳላነበበ በምን ታውቃለህ?"

የሚያድናቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እሳቸውም ያውቁታል። በዚያን ዕለት አዳራሽ ውስጥ እንዳዩኝ አዩኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ለመንኩ። "የተነበበ ወረቀት የለም። ቢኖርም እኚህ ሰው ማንበብ አይችሉም፤ የራሳቸው ስም ያለበትን መዝገብ ሳያውቁ ያመጡት ለዚህ ነው" ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ገልብጬ በጠረጴዛው ላይ ገፋሁለት።

መርማሪው አነበበ። ከንፈሩ ለሳቅ ተከፈተ፤ ሰውዬውን ሲያይ ግን መልሶ ገጠመው። ጮክ ብሎ አላነበበውም።

"ይሄ እሱን እንጂ አንተን አያስወጣህም" አለኝ። "ያንተ ክስ እንዳለ ነው።"

"አውቃለሁ።"

በአራተኛው ቀን ተለቀቁ። ሲወጡ ዞር ብለው አላዩኝም። ሁለተኛው ሴሚስተር ተጀምሮ አለቀ። ብቻ በየቅዳሜው፣ የገበያ ቀን፣ በማላውቀው ሳህን የሽፈራው ቅጠል ያለበት ኩርኩፋ፣ የበቆሎ ድፍልፍል፣ ይገባልኝ ጀመር። ጥበቃውን ማን እንዳመጣው ብጠይቀው "አንዲት ልጅ ናት" አለኝ። ሽማግሌው ቀምሰው "ጨው ያንሰዋል፣ ግን ደግ እጅ ነው" አሉ።

ክረምት ሊገባ ሲል ቢሮ ተጠራሁ። መርማሪው የቁጥር ዘጠኝ ቃል የሰፈረበት ወረቀት አሳየኝ። "ክሱን በቂም ተነሳስቼ በሐሰት ያቀረብኩት ነው" ይላል። ለዚህ ቃላቸው ሰውዬው ሦስት ወር እንደታሰሩ በኋላ ሰማሁ። ከወረቀቱ ግርጌ የጣት አሻራ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ስማቸው ተጽፏል። ፊደሎቹ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ፣ ተጭነው የተጻፉ፣ ወረቀቱን ሊበሱት የደረሱ ነበሩ። ድጋሚውን ወስደው ነበር።

ዛሬ መምህር ነኝ። የፈተና ወረቀት ስመልስ ገልብጬ በየተማሪው እጅ እሰጣለሁ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ልማድ ነው እላለሁ። ለቁጥር ዘጠኝ ግን ማለፋቸውን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ብነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር። ሳልነግራቸው አረፉ።

የክሴ መዝገብ ተዘግቶ ከዚያ መጋዘን የወጣሁት ዓርብ፣ ሰኔ 12 ቀን 1973 ዓ.ም. ነው።