አንቀጽ የሙሽራዋን ፎቶ ስታወጣ

የኔ ፀጉር ቤትና ፎቶ ቤቱ የሚለዩት በአንድ ኮምፔርሳቶ ነው፤ እሱ ደግሞ ወሬ አያግድም። ስለዚህ የምነግራችሁን በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ ያልሰማሁትን በቀዳዳው አይቻለሁ።

ፎቶ ቤቱን የምታጸዳዋን ሴትዮ "አንቀጽ" ነው የምንላት። ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣለች፤ ግን የተጻፈ ነገር ካየች ሳታነበው የምታልፈው ሞታ ነው። የሳሙና ካርቶን ሳይቀር በጣቷ እየተከተለች ትጨርሰዋለች። እንግሊዝኛ ከሆነ ከሽርጧ ኪስ መዝገበ ቃላት ይወጣል። ስድስት ዓመት ስትወለውል ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ቢያስቀምጡኝስ?" ስትለው ባለቤቱ፣ "አንቺ ከተቀመጥሽ ማን ሊጠርግ ነው?" ብሎ ይስቅባታል።

እዚያ ቤት ሜሞሪ ካርድ የሚቀመጠው በሁለት የሻይ ብርጭቆ ነው፤ ፎቶው ኮምፒውተር ውስጥ የገባው በቀኙ፣ ያልገባው በግራው። ሰኞ ጠዋት ጋሼን ሻይ አማረው፣ ብርጭቆ አጣ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የግራውን ካርዶች ቀኙ ውስጥ ጨመረና ባዶው ውስጥ ሻዩን ቀዳ! ሻዩን ጠጥቶ ሲያበቃ ደግሞ "እነዚህ ያለቀላቸው ናቸው" ብሎ ሁሉንም ፎርማት አደረጋቸው። የትናንቷ ሙሽራ አብራ ጠፋች። ለመምረጥ የምትመጣው ደግሞ በስምንት ሰዓት!

"አለቀልኝ! እናቷን አታውቋትም፣ በቁሜ ነው የምትቀብረኝ!"

የሚስቱ ወንድም፣ ሰፈሩ "ኢንጂነሩ" የሚለው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከተፍ አለ። "ሲምፕል ነው ጋሼ፣ የጠፋ ፎቶ የሚመልስ ሶፍትዌር አለ።" አወረደና ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት... ጠቀጠቀው።

"ቆይ!" አለች አንቀጽ ከነመጥረጊያዋ። "እሱ ቀይ ጽሑፍ ምን ይላል?"

"ተይው፣ እሱን ማንም አያነበውም።"

"እኔ አነበዋለሁ።" ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች፣ መዝገበ ቃላቱን ገለጠች፣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። "ፎቶ የጠፋበት ካርድ ላይ ምንም አታስቀምጥ ነው የሚለው። አንተ ደሞ የሚወጣውን መልሰህ እዚያው ልትከት ነው። በላዩ ከተጻፈበት ሄደ በቃ!"

ኢንጂነሩ መነጽሩን አወረደ። አነበበ። "...ልክ ናት" አለ፣ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው።

"አንተ ተነስ!" አለ ጋሼ። "አንቺ ቁጭ በይ!"

ቁጭ አለች። ካርዱን መረጠች፤ ማስቀመጫውን ኮምፒውተሩ ላይ አደረገች፤ "ፈልግ" የሚለውን ተጫነች። ሃያ በመቶ... አርባ... እኔም አላስቻለኝም፣ ዘው አልኩ፤ ደንበኛዬ ግማሽ ጭንቅላቷ ቢጎዲን እንደሆነ ተከተለችኝ። መጀመሪያ አንድ እግር ጫማ ወጣ። ቀጥሎ ግማሽ ኬክ። ቀጥሎ የሙሽራዋ እናት፣ አፏ ሙሉ። ከዚያ ሙሽራዋ! ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ፣ አንድ ሳይጎድል! ጩኸታችን ጣሪያውን አነሳው፤ ኢንጂነሩ ራሱ አጨበጨበ።

በስምንት ሰዓት ሙሽራዋ መጣች። "ውይ፣ አፍንጫዬ እንዲህ ትልቅ ነው እንዴ?"

"ሶፍትዌሩ የሚመልሰው የነበረውን ነው እህቴ" አለች አንቀጽ፣ ከወንበሩ ላይ ሳትነሳ።

እስከ ዛሬም አልተነሳችም። ጋሼ ሻዩን በፕላስቲክ ኩባያ ነው የሚጠጣው። ማን እንደሚጠርግም በቀዳዳው አይቻለሁ፤ ጋሼ ማዕዘኑን ይዘለዋል እንጂ፣ ለጀማሪ አይከፋም።