የእታለማሁ ጠላ

እታለማሁ ወንዙ መበላሸቱን ለማወቅ ባለሙያ አላስፈለጋትም። የቆዳ ፋብሪካው ከቤቷ በላይ ከተተከለ ወዲህ ፈረሷ እንኳ ውኃውን አሽትቶ ይመለስ ነበር። ላሟ ጨነገፈች፤ የልጆቿን እግር እከክ ወረሰው። ለባለሥልጣን ብትናገር የአየር ንብረት ለውጥ ነው አሏት። አንዱ ባለሙያ ውኃውን በጠርሙስ ቀድቶ ወሰደ፤ ውጤቱም ይኸው ስምንት ወር ሙሉ «በመምጣት ላይ» ነው። እሷም እንደ ሰዉ ሁሉ እግዜር ያውቃል ብላ ተቀመጠች።

ያስነሳት ጠላው ነው። የማርያም ማኅበር ተራዋ ደርሶ ብትደግስ ጠላዋ ገማ፤ በሚቀጥለው ተራዋም ገማ። በአገሩ የላም መጨንገፍ የእግዜር ሥራ ነው፣ የጠላ መበላሸት ግን የሴቲቱ። ማኅበርተኞቿ ሁሉ ከፋብሪካው በላይ፣ ምንጭ ዳር ስለሚኖሩ የአንዳቸውም ጠላ ተበላሽቶ አያውቅም። አንጋፋዋ ወይዘሮ በቀለች ጠጋ ብለው፣ «እጅሽ ከድቶሻል መሰለኝ ልጄ፤ ከእንግዲህ ዳቦ ብቻ ብታመጪስ?» አሏት። ሃያ ዓመት በጠላዋ የተመሰገነች ሴት ናትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በማግስቱ ፋብሪካውን ከሰሰች።

ለቀጠሮው በአንድ ቀን፣ በአንድ ጌሾና በአንድ ብቅል ሁለት ጋን ጠላ ጠመቀች፤ አንዱን በምንጭ ውኃ፣ ሌላውን በወንዙ። ከሁለቱም በጀሪካን ቀድታ በባጃጅ እንጅባራ ፍርድ ቤት ገባች። የፋብሪካው ጠበቃ አቶ ይኸነው የከሳሽ ችግር የውኃ ሳይሆን የሙያ ነው ብለው ሲከራከሩ እጇን አወጣች።

«ክቡር ዳኛ፣ ሁለቱንም የጠመቅሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእጄ ከሆነ ሁለቱም እኩል ይሸታሉ። እሳቸው ይቅመሱልኝ።»

እንደ ወጉ ከሁለቱም መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀድማ ቀመሰች፤ ፊቷ ቅጭም አላለም። ጠማቂዋ ቀድማ የቀመሰችውን ጠላ አልጠጣም ማለት ነውር ነው፤ ጠበቃውም የጎጃም ልጅ ናቸው። የመጀመሪያውን ጨልጠው ሳያስቡት ብርጭቆውን ለድጋሚ ዘረጉ። ሁለተኛውን ሲጎነጩ ግን በዓይናቸው መስኮት ፈለጉ። ዳኛው ሳቃቸውን በመዝገቡ ከልለው ውኃው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተመርምሮ ይቅረብ አሉ። ቀረበም። ውኃው ለሰውም ለከብትም እንደማይሆን በውሳኔ ተጻፈ፤ ፋብሪካው ፍሳሹን እስኪያጣራ ተዘጋ፤ የእታለማሁም ስም በሬዲዮ ተነገረ።

ወይዘሮ በቀለች ራሳቸው መጥተው አቀፏት፤ እጇ ንጹሕ መሆኑን ድሮም ያውቁ ነበር አሉ። የማኅበር ተራዋም ተመለሰላት። ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ከራሳቸው ከወይዘሮ በቀለች ምንጭ በጀርባዋ ተመላልሳ ቀድታ ጠመቀች።

ማኅበርተኞቹ መጡ፤ መረቋት፤ ጀግንነቷን አነሱ ጣሉ። ጠላው ሲቀዳላቸው ግን ተራ በተራ እግራቸው ሥር አስቀመጡት። እታለማሁ የምንጭ ውኃ ነው ብላ ማለች። ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ አመኗት፤ የጠጣ ግን የለም።

«ልጄ፣» አሉ ወይዘሮ በቀለች በርኅራኄ፣ «ያንቺ ውኃ እንደማይጠጣ ፍርድ ቤት የወሰነውን እኛ እንዴት እንሽር?»

እታለማሁ ብርጭቆዋን አንስታ ብቻዋን ጠጣች። ጠላው ግሩም ነበር።