ከእኛ ቀድመው የቀመሱት ኮክ

አጎቴ ከጓሯቸው ኮክ የመጀመሪያውን ፍሬ ሁልጊዜ ራሳቸው ነበር የሚቀምሱት። እንግዳ ቢመጣ፣ ቄስ ቢመጣ፣ ከእሳቸው ቀድሞ የሚበላ አልነበረም። «መራራው ለእኔ ይሁን፤ ጣፋጩን እናንተ ትበላላችሁ» ይሉን ነበር። ስስት የሚመስላቸው ጎረቤቶችም ነበሩ።

አንድ ዓመት አባጨጓሬ በእንጅባራ ዙሪያ የፍራፍሬውን ቅጠል ሁሉ ጨረሰው። አጎቴ እንደ ልማዳቸው አመድ ነሰነሱ፤ በእጃቸውም እየለቀሙ ገደሉ። አልሆነም። ቢቸግራቸው ከዳንግላ ገበያ ነጭ ዱቄት ገዝተው መጡ። ሻጩ «ነስንሱት» ከማለት በቀር ምንም አልነገራቸውም። ዛፎቹ ላይ በእጃቸው በተኑት፤ ትሉ ረገፈ፤ ኮኩም በሰለ።

ለቀማ የገባን ዕለት እኔና ባለቤታቸው ቅርጫት ይዘን ከአጠገባቸው ነበርን፤ የቤቱ ልጆችም በጓሮው ይሯሯጡ ነበር። አንዱን ቀጥፈው በጋቢያቸው ጠረግ አደረጉና በሉ። «ብሉ» እስኪሉን ስንጠብቅ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ምነው፣ ምን ሆኑብኝ?» አሉ ባለቤታቸው ደንግጠው።

«እናንተ እንዳትነኩት!» አሉ አጎቴ። «ልጆቹንም ከጓሮው አስወጧቸው።»

ከዚያ በኋላ ማስመለስ ብቻ ሆነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፉ።

በአርባቸው ማግስት ባለቤታቸው መጥረቢያ ይዘው ወጡ። «እኛ እንቁረጥልዎ» ብንላቸው እምቢ አሉ። ዛፎቹን አንድ በአንድ ጥለው፣ እንጨቱ ለማገዶ እንዳይገባ ገደል አስጣሉት።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። ጓሮው አሁን ባዶ መሬት ነው። ባለቤታቸው በዚያ በኩል ያለውን በር አይከፍቱትም።