የሁዳዴ እንቁላል

ልጄ እንቁላል የምትበላው እኔ ቀድሜ ከበላሁ ብቻ ነበር። ሌላ እንቁላል ብበላ አይሆንም፤ ከዚያው ከእሷው መሆን አለበት። ጠዋት ጠዋት አንድ እንቁላል ቀቅዬ፣ ልጬ፣ በስፌት ክር መሃል ለመሃል እቆርጠዋለሁ። ቢላዋ አስኳሉን ይፈረፍረዋል፤ የተፈረፈረ ነገር ካየች ደግሞ ሳህኑን ገፍታ ትነሳለች። አንዱን ግማሽ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እበላለሁ። አፌን ታያለች፤ ዓይኔን አታይም። ስውጥ ጠብቃ የራሷን ታነሳለች።

እዚህ ለመድረስ ከገና በኋላ ወር ሙሉ ፈጅቶብናል። ልጄ ኦቲዝም አለባት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ በቃል አታወራም። ነጭ ዳቦ፣ ነጭ ሩዝና የተቀቀለ ድንች ትበላለች፤ እነሱም ሳህኑ ላይ ሳይነካኩ። የበርበሬ ሽታ ካለበት ቤት ትወጣለች። አንድ ጊዜ ስልክ ላይ ያየሁትን አምኜ ዳቦ ብከለክላት ሩዙንም ድንቹንም ተወች። አገር ቤት ለእናቴ ደውዬ ባለቅስ፣

«ተያት፣ ሲርባት ትበላለች» አለችኝ።

«ሲርባትም አትበላም፣ እማዬ።»

«ኧረ ወዲያ! የማይበላ ልጅ የት አለ?»

ልጄን የምታይልኝ የሆስፒታል የሥነ ምግብ ባለሙያ ግን አልሳቀችብኝም። ልጄን መዝና «ዳቦውን መልሽላት» አለችኝ። «ያላትን አትቀሚያት፤ ከጎኑ ጨምሪላት እንጂ። አታስገድጃት። እንቁላል ብትለምድልን ግን ትልቅ ነገር ነው፤ በጣም ከስታለች።»

አሶሳ የመጣነው በባለቤቴ ሥራ ነው። እሱ ጉባ፣ ግድቡ ላይ ነው፤ እኛ ሆስፒታል እንዲቀርበን እዚህ ቤት ተከራየን። ሲመቸው ይመጣል። ወገኖቼ ሰሜን ሸዋ ናቸው፤ እዚህ የማውቀው ሰው ቢኖር ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቆሙትን ሴቶችና በአንድ ግቢ የምንኖረውን ጎረቤቴን ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ጭንቅ ያዘኝ። ረቡዕና ዓርብ በዳቦዋ ትውል ነበር፤ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ግን? ልጅቷ ትብላ፤ እኔስ? ነፍስ ካወቅሁበት ጊዜ ጀምሮ ጾም ሽሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ነገሩን ከስር ከመሠረቱ ሰምተው፣

«ልጄ፣ ይኼ ላንቺ መብል አይደለም፤ ለእሷ መድኃኒት ነው። ፈትቼሻለሁ፣ ብዪ» አሉኝ።

«አባቴ፣ ጨነቀኝ።»

«አይጨነቅሽ። ብቻ ሚጥሚጣ አድርገሽበት እንዳታጣጥሚው!» ብለው ሳቁ። እኔም ስልኩን ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ።

በማግስቱ እንደ ልማዴ ቆረጥኩና ጎረስኩ። አባቴ ፈተውኛል፤ ጉሮሮዬ ግን አልፈታኝም። አፌ ውስጥ ዞሮ ዞሮ እምቢ አለ። ልጄ አፌን እያየች ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ከዚያ ሳህኑን ገፋችው። በሌላው ቀን ቶሎ የዋጥኩ መስዬ ግማሹን መዳፌ ውስጥ ደበቅሁ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፍታ አወጣችውና ሳህኑ ላይ፣ ከራሷ ግማሽ ጎን መለሰችው። አልተቆጣችም። ቦታው እዚያ ስለሆነ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔም እንቁላሉን መጉረስ ተውኩ፤ እሷም ወደ ዳቦዋ ተመለሰች። ሳጥባት የጎድን አጥንቷ በእጄ ይቆጠራል።

ጎረቤቴ የበርታ ሴት ናት፤ ገበያ ላይ ለውዝ ትሸጣለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔንም «አንተ» ነው የምትለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት ልጄ ስታለቅስ ሰምታ በሬ ላይ መጣች።

«ልጅ ለምን አለቀሰ?»

ነገርኳት። እሷም ረመዳን ይዛለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። እስክጨርስ ሰማችኝና በሳቅ ፈረሰች።

«አንተ ፆም፣ እኔ ፆም! ዘንድሮ ዶሮ ብቻ ነው ደስ ያለው።»

«አትሳቂብኝ እባክሽ።»

«ወላሂ አልሳቀም። ማታ ልጅ አምጣው፣ እንቁላል አምጣው። አዛን ሲል እኔ ይበላል።»

አመሻሽ ላይ ሳህኑን ይዤ፣ ልጄን አስከትዬ ሄድኩ። እንቁላሉን በክር ቆረጥኩላቸው። ጎረቤቴ «አንተ እዚያ ቁም» ብላ በሩ ጋ አቆመችኝ። አዛን ሲል ቴምር ቀመሰች፣ ውኃ ጠጣች፤ ግማሹን እንቁላል አንስታ ቀኑን ሙሉ እንደተራበ ሰው በላችው። መስላ ሳይሆን ተርባ ነው የበላችው። ልጄ አፏን አየች። ከዚያ የራሷን ግማሽ አነሳች።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንኳ ሳልላት እንባዬ ቀደመኝ። «ሂድ ፊት ታጠብ» አለችኝ።

እንዲህ ሆኖ ጾሙ ተያዘልኝ። ዒድ ሲያልፍ ጎረቤቴ አላቋረጠችም፤ ያቺን ሰዓት ጠብቃ ከገበያ ትገባለች። ልጄ አዛን ስትሰማ ሳህኗን ራሷ ታነሳና በሩ ጋ ትቆማለች። እኔ ቆርጬ ሰጥቻቸው እመለሳለሁ፤ ሽሮዬን ብቻዬን እበላለሁ። ወላጅ አባቴ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይሉ ነበር፤ ትዝ ሲለኝ እንጀራው ይደርቅብኛል። ሆስፒታል ስንሄድ ባለሙያዋ ሚዛኑን አይታ፣ «እሰይ! በዚሁ ቀጥዪ» አለችኝ።

ፋሲካ ደረሰ። ባለቤቴ ፈረቃ ይዞት ቀረ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ እንቁላል መቀቀል ነበር። ጾሙን ሙሉ ስጠብቃት የነበረች ጠዋት ናት። ቆረጥኩ፣ ተቀመጥኩ፣ አማትቤ ጎረስኩ። በደስታ ነው የዋጥኩት፤ ሁለቱንም ጉንጬን ሞልቼ።

ልጄ አፌን አላየችም። ግማሿን አየችና በሌላ ሳህን ከደነችው። ሄዳ በሩ ጋ ተቀመጠች። ምሳ ላይ ዳቦ ሰጠኋት፤ እዚያው ሆና በላች። ሰው መጥቶ እንኳን አደረሳችሁ ሲለን ለማሳለፍ ትነሳና ትመለሳለች።

ማታ ሌላ እንቁላል ቀቅዬ ሄድን። ጎረቤቴ ግማሹን ወደ እኔ ገፋችው።

«ዛሬ አንተ ብላ፤ የአንተ ዒድ ነው።»

ልጄ ግማሹን መልሳ ጎረቤቴ ፊት አስቀመጠችው። ጎረቤቴ እኔን አየችኝ። «ብዪ እንጂ፣ እየጠበቀችሽ ነው» አልኳት። በላች። ልጄም በላች፤ ፍርፋሪውን እንኳ አላስቀረችም።

ቤት ስንገባ የጠዋቱ ግማሽ እንደተከደነ ነው። አስኳሉ ዳር ዳሩን ደርቋል። ልጄን አስተኛሁና፣ ተመስገን ብዬ እኔው በላሁት።