የጋሽ ሸምሱ ብሎን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ነፍስ አባቴ ሲጠይቁኝ ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን እየመረጥኩ እነግራቸውና ይህችን ይዣት እመለሳለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ይህም ራሱ ፈሪነት መሆኑ አይጠፋኝም።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ካለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሪንተር ይዤ የሰው ጣጣ እጽፋለሁ። የተፋታው፣ የተካደው፣ ከወንድሙ ጋር የተጣላው ሁሉ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይነግረኛል፤ እኔ አሳምሬ አወርደዋለሁ። ከሁሉም ግርጌ «በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ» የምትል ሐረግ አለች። በቀን ስንት ጊዜ እንደምጽፋት እንጃ። እኔ ራሴ እውነት በተጠየቅኩባት በአንዲቱ ቀን ግን ዋሽቻለሁ።

ቢኒያም አብነት ሰፈር ውስጥ አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ ነው። በሞተር ዕቃ እያደረሰ ይተዳደር ነበር፤ ሞተር መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። የሁለታችንንም ሞተር የሚጠግኑልን ጋሽ ሸምሱ ነበሩ። አብነት ውስጥ ከቆርቆሮ የተሠራች ጋራዥ አለቻቸው። ጋሽ ሸምሱ አንድ አመል ነበራቸው፤ ብሎን አጥብቀው ሲጨርሱ በመፍቻው ሁለቴ ይነኩታል። ጠቅ፣ ጠቅ። ይህ ድምፅ ከተሰማ ሥራው አለቀ ማለት ነው። የሰፈሩ ሰው ሞተሩን ይዞ ይሄዳል እንጂ ደግሞ አያይም።

የዛሬ ሰባት ዓመት ሞተር ነጂ የሆኑ ልጆች ከከተማው ወጣ ካለ ሜዳ ላይ ውድድር አዘጋጁ። በኖራ መስመርና በአሮጌ ጎማ የታጠረ፣ ሞላላ የአፈር መንገድ ነበር። ስምንት ዙር። እኔ በሕይወቴ ተወዳድሬ አላውቅም። ሞተሬም ቢሆን ከአብነት ልደታ ከመመላለስ ሌላ ጉድ አይቶ አያውቅም። ታዲያ ምን አስገባኝ? ቢኒያም ነዋ። «ጸሐፊው፣ አንተ ወረቀትህን ንዳ፣ ይሄ ላንተ አይሆንም!» አለኝ ሰፈር መሃል፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሲቀልድ ነው። እኔም ስቄያለሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ቀልዱን ሳመነዥክ አደርኩ፣ በማግስቱም ተመዘገብኩ።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ጋሽ ሸምሱ መፍቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡልን። የቢኒያምን ሰንሰለት አስተካከሉና የኋላ ጎማውን ብሎን ማጥበቅ እንደ ጀመሩ ጠራኋቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ ፍሬኔን ይዩልኝ!»

ፍሬኔ ምንም አልሆነም። ፈርቼ ነው። የሚያረጋጋኝ ሰው ፈለግኩ። ጋሽ ሸምሱ ሥራቸውን አቋርጠው መጡ፣ ፍሬኑን ነካ ነካ አደረጉ፣ ገባቸው መሰለኝ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አብሽር፣ ረጋ ብለህ ንዳ» አሉኝ። ከዚያ ተመለሱ። በርከክ ብለው ብሎኑን በሙሉ ክብደታቸው አጠበቁት። ጠቅ፣ ጠቅ። ዓይኔ እያየ፣ ጆሮዬ እየሰማ። ቢኒያም ሄልሜቱን ሊያመጣ ሄዶ ስለነበር ከእኔ ሌላ ያየ የለም።

ስለ ውድድሩ ምን ልበላችሁ? ባንዲራው ሲወርድ ሁሉም ጥሎኝ ሄደ። አፈሩ አፌ ውስጥ ገባ፣ የሄልሜቴ መስታወት በአንዴ ቡናማ ሆነ። የመጀመሪያው ማጠፊያ ላይ የኋላ ጎማዬ ሲንሸራተት ነፍሴ ከእኔ ቀድማ የወጣች መሰለኝ። ቀስ በቀስ ግን ለመድኩት። እግሬን መሬት ላይ እየጎተትኩ መታጠፍ ቻልኩ። ሁለት ሰው ሞተራቸው ጠፍቶባቸው ቆሙ፤ አንዱን በራሴ አለፍኩት። ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀጥሎ የሠራሁትን የሠራሁት በዚያ ደስታ ሰክሬ ነው።

በመጨረሻው ዙር ከፊቴ ቢኒያም ነበር። ማጠፊያው ላይ ደረስን። በእሱና በውስጠኛው የአጥር ጎማ መካከል የቀረችው ቦታ ለአንድ ሞተር አትበቃም። አየኋት፤ አትበቃም። ነዳጁን መቀነስ እችል ነበር። ጨመርኩት። ለምን? ወረቀትህን ንዳ ስላለኝ? ለዚህ ብዬ የሰው ልጅ ላይ? የፊት ጎማዬ የኋላ ጎማውን ከጎን ገፋው፣ የቢኒያም ሞተር ተወርውሮ ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ጋር ተላተመ፣ እኔ አለፍኩ። አልቆምኩም። ዞር ብዬም አላየሁም። ሦስተኛ ወጣሁና ላጨበጨቡልኝ ሰዎች እጄን አነሳሁ።

ያ ሁሉ አቧራ ሲበርድ ቢኒያም ቀኝ እግሩን ይዞ ይጮህ ነበር። የኋላ ጎማው ከቦታው ወጥቷል፣ ብሎኑ የለም። ድንጋዩ ነው የበጠሰው፤ ይህን ግን ማን ያውቃል? ጋሽ ሸምሱ አፈሩን በእጃቸው እየዳበሱ ብሎኑን ፈለጉት። አጡት። ከዚያ ወደ እኔ መጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ደረጄ፣ አንተ ስትጠራኝ ብሎኑን ጀምሬው ነበር። ተመልሼ አጥብቄዋለሁ? አይተኸኛል?»

ለማሰብ ያህል እንኳ ጊዜ አልወሰድኩም። «አላየሁም ጋሼ» አልኩ።

አላየሁም። ቢኒያምን ማን እንደነካው ሲጠይቁኝም ያንኑ ደገምኩት፣ አቧራ ነበር፣ አላየሁም። አንዱን ብናገር ሌላው መውጣቱ ነው። ብሎኑ ጠብቆ ከነበረ ቢኒያም በምን ወደቀ ይሉኛል። እናም ጥፋቴን በአንድ አፍታ ከራሴ አውርጄ በአንድ ሽማግሌ ጫንቃ ላይ ጫንኩት።

ቢኒያም ከዚያ ወዲህ ያነክሳል። ሞተሩን ሸጦ ጠመንጃ ያዥ አካባቢ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ጋሽ ሸምሱን አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግሯቸው አያውቅም፤ «ጋሼም ሰው ናቸው» ነው የሚለው። ይህ ምሕረቱ ሽማግሌውን ይበልጥ ጎዳቸው። የቢኒያምን እናት መንገድ ላይ ሲያዩ አንገታቸውን ይደፋሉ። ደንበኞቻቸው አልከዷቸውም፤ እሳቸው ናቸው እጃቸውን የከዱት። ጎማ የነካ ሥራ ሲመጣ «ሌላ ጋ ውሰደው» ይላሉ፤ ከተቀበሉም አጥብቀው ይነሱና እንደገና በርከክ ይላሉ። በጋራዧቸው በኩል ወደ ሥራ ሳልፍ እሰማለሁ። ጠቅ፣ ጠቅ። ጠቅ፣ ጠቅ። ጠቅ፣ ጠቅ። እኔም እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ አልፌያለሁ፣ ጊዜ አጣሁ ማለት አልችልም።

ባለፈው ሰኞ ጋሽ ሸምሱ ቢሮዬ መጡ። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው፤ ቅዳሜ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ይገባሉ። የምትክ ቦታ ማመልከቻ ሊያጽፉ የመጡ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩላቸው።

«ማመልከቻ አይደለም። ለቢኒ ደብዳቤ ጻፍልኝ። በአፌ ስጀምረው ተዉ ጋሼ እያለ ያቋርጠኛል። ይቅርታ ሳልጠይቀው ከሰፈር ብወጣ አይሆንልኝም። አንተ ቃል ታውቅበታለህ።»

ያን ጊዜ ምን ማድረግ እንደነበረብኝ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔ ግን ጻፍኩት። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አሳምሬ ጻፍኩት! «ልጄ ቢኒያም፣ በዚያ ቀን ሳላውቅ ባጠፋሁት ጥፋት እግርህ ተጎድቷል፣ እንጀራህንም አጥተሃል። በእኔ ምክንያት ነው። ይቅር በለኝ።» ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «ያቺን የፍርድ ቤቷንም ጨምርበት፣ በእውነት የምትለዋን» አሉኝ። ጨመርኳት። ፈረሙ። እናንተ ጓደኛሞች ናችሁና አንተው ስጠው ብለው መርቀውኝ ወጡ።

ደብዳቤው እስከ ዛሬ ሐሙስ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ በላፕቶፔ ላይ ያለውን ከፈትኩት። ስማቸውን አጥፍቼ የእኔን አስገባሁ። «ልጄ» የምትለዋን «ወንድሜ» አደረግኳት። የቀረው እንዳለ ለእኔ የተጻፈ ነው፤ እግሩም፣ እንጀራውም፣ በእኔ ምክንያት ነው የሚለውም። አንዲት ቃል ብቻ አልሆን አለችኝ። «ሳላውቅ» ይላል። ሰርዤ «እያወቅኩ» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ቅጂ አትሜያለሁ። አሁን ክፍሌን ቆልፌ ወደ አብነት እሄዳለሁ፤ ከቢኒያም በፊት ለጋሽ ሸምሱ ነው የማነብላቸው። ይቅር ይበሉኝ አልላቸውም። ቢሰድቡኝም፣ ቢመቱኝም፣ ቢኒያም ፍርድ ቤት ቢያቆመኝም እቀበላለሁ። ከፊርማዬ በላይ ግን ያን ቀን ተጠይቄ የከለከልኳቸውን ምስክርነት ጨምሬበታለሁ፦ ጋሽ ሸምሱ ተመልሰው ብሎኑን አጥብቀውታል። ሁለቴ ነክተውታል። አይቻለሁ።